ሶፍትዌር ሲገዙ ዱቄቱን ብቻ አይረከቡ

የጎንደር ከተማና የአካባቢዋ ነጋዴ ሥራውን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ማዛወር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰሊጥ አቅራቢው የገዛውንና የጫነውን ኩንታል፣ የደባርቅ ሎጅ ባለቤት የተያዙና ያልተያዙ ክፍሎቹን፣ የአዘዞ ጅምላ አከፋፋይ የመጋዘን ክምችቱን በኢንተርኔት በሚከፈት ፕሮግራም መከታተል የሚችልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። መንግሥትም በበኩሉ በ2012 ዓ.ም የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን ካጸደቀ ወዲህ የንግድ ፈቃድ ማደስና ግብር ማሳወቅ የመሳሰሉትን አገልግሎቶች ወደ ኢንተርኔት እየወሰደ ነው። ባለሀብቱም ለራሱ ድርጅት የሚሆን ፕሮግራም በውል ማሠራት ይዟል።

ችግሩ የሚመጣው ባልታሰበ ጠዋት ነው። ትናንት ማታ በደህና ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ ያሳያል። ባለቤቱ በመጀመሪያ ኔትወርኩን፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ በመጨረሻም ቫይረስን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን የሦስቱም የማይሆንበት ጊዜ አለ። ድረ ገጽ የምንከፍትበት ብራውዘር፣ ማለትም ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ ወይም ኤጅ፣ ሌሊቱን ራሱን በራሱ አድሶ እስከ ትናንት ያሳልፈው የነበረውን ፕሮግራም ዛሬ ደንብ አያሟላም ብሎ መልሶት ሊሆን ይችላል።

ይህ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በሰሊጥ ወቅት ለሁለት ቀን ሂሳቡን ማየት ያልቻለ አቅራቢ ግን የገበያ ጉዳይ መሆኑን ይረዳዋል። ከዚህም ባሻገር አንድ መሠረታዊ የንግድ ጥያቄ ያስነሳል። ነጋዴው ለሶፍትዌር ገንዘብ ሲከፍል በእርግጥ የገዛው ንብረት ምንድነው? የብራውዘሮች ደንብ በጠበቀ ቁጥር የማስተካከያውን ወጪ የሚሸከመውስ ማን ነው?

እህል፣ ወፍጮና ዱቄት

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ባለሙያው በእጁ የሚጽፈው፣ ሌላ ባለሙያም አንብቦ የሚያርመው ጽሑፍ ሲሆን ምንጭ ኮድ ይባላል። ሁለተኛው ያ ጽሑፍ በሌላ ፕሮግራም ተፈጭቶ የሚወጣው የቁጥር ክምር ነው። ማሽን በፍጥነት ያነበዋል፤ ሰው ግን እንደ ጽሑፍ አያነበውም። ይህ አፈጫጨት ኮምፓይል ማድረግ ይባላል፤ የሚፈጨውም ፕሮግራም ኮምፓይለር ነው።

ነገሩን በገበያ ቋንቋ እናስቀምጠው ካልን፣ ምንጭ ኮዱ እህል ነው፤ ኮምፓይለሩ ወፍጮ ነው፤ ደንበኛው የሚረከበው ደግሞ ዱቄት ነው። እህሉ በእጁ ያለ ሰው የሚፈለገው አፈጫጨት ቢለወጥ ተመልሶ ያስፈጫል። ዱቄት ብቻ የያዘ ሰው ግን ከዱቄት እህል ሊያወጣ አይችልም።

ቀደም ሲል በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም በአመዛኙ ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ይጻፍ ነበር። ለቀላል ሥራ በቂ ነው። ለካርታ፣ ለንድፍና ለትልልቅ ሂሳብ ግን ፍጥነቱ አላረካም። እ.ኤ.አ. በ2013 የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላ በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ፕሮግራሞች ተፈጭተው በብራውዘር ውስጥ በፍጥነት የሚሠሩበትን አዝም ጄኤስ የተባለ ዘዴ አወጣ። በ2015 ትልልቆቹ ብራውዘር ሠሪዎች በጋራ ዌብአሴምብሊ የተባለውን ተተኪ ይፋ አደረጉ። በ2017 አራቱም ብራውዘሮች ተቀበሉት፤ በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት ይፋዊ ደረጃ አድርጎ አጸደቀው።

ዛሬ የኢንጂነሮች መሣሪያ የሆነው አውቶካድ፣ ጉግል ኧርዝ የተባለው የዓለም ካርታ፣ የዲዛይነሮች መሣሪያ የሆነው ፊግማ በብራውዘር ውስጥ የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። ነጋዴው ሂሳብ የሚሠራበት የጉግል ሺትስ ስሌት ክፍልም ወደዚሁ ተዛውሯል። ለአገር ውስጥ ደንበኛ የሚሠሩ ፕሮግራመሮችም ይህን መንገድ በቀላሉ ያገኙታል። የማይክሮሶፍቱ ብሌዘር በሲ ሻርፕ የተጻፈን ፕሮግራም በዌብአሴምብሊ አማካይነት በብራውዘር ውስጥ ያስኬዳል። የጉግሉ ፍላተር ደግሞ በገጹ ላይ ምስሉን የሚስልበት ሞተር በዚሁ የተፈጨ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም የገዛው ፕሮግራም የተፈጨ ዱቄት ሊኖረው ይችላል።

በር ላይ ያለው ፈታሽ

ብራውዘር ከማይታወቅ ቦታ የመጣን ዱቄት ዝም ብሎ አያስገባም። ከኢንተርኔት የሚመጣ ፕሮግራም የባንክ የይለፍ ቃልና የደንበኛ መዝገብ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሩ ላይ ይፈተሻል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ያስገባ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ይዞት የመጣው ትልቁ ለውጥ ገዥው ምርቱን በዓይን ሳያይ መገበያየቱ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው በጎንደር፣ በመተማና በሁመራ በመሳሰሉ መጋዘኖች ከጭነቱ ናሙና ተወስዶ፣ ናሙናው በምስጢር ቁጥር ተለይቶ፣ ደረጃ አውጪው ባለቤቱን ሳያውቅ ደረጃ ስለሚሰጠው ነው። የሁመራ ጎንደር ነጭ ሰሊጥ የሚለው የውል ስም ራሱ በዚህ የደረጃ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው።

የብራውዘሩም ፍተሻ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጸሐፊው ማን ነው፣ ድርጅቱ ትልቅ ነው ትንሽ ብሎ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የፋይሉን መለያ ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች የዌብአሴምብሊ ምልክት፣ ተከታዮቹ አራት ደግሞ የእትም ቁጥር መሆን አለባቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ትእዛዝ በተራ ይመረምራል። ሙሉ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ነጥብ ያለው ቁጥር መጥቷል ወይ? ያልተመዘገበ ሣጥን እንዲከፈት ታዝዟል ወይ? ከተቀመጠው በላይ ወጪ የሚያደርግ ሂሳብ አለ ወይ?

ከመጋዘኑ የሚለየው አንድ ነገር ግን አለ። ደረጃ አውጪ ጥቂት ባዕድ ነገር ያለበትን ሰሊጥ ዝቅ ባለ ደረጃ ሊቀበለው ይችላል። ብራውዘሩ መካከለኛ ደረጃ የለውም። በመቶ ሺህ ትእዛዞች መካከል አንዷ ደንብ ካፈረሰች መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ይመለሳል። ነጩ ገጽ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፈታሹ የማያየውም ነገር መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። ደረጃ አውጪ ነጋዴው በዋጋው ይክሰር ያትርፍ እንደማያውቅ ሁሉ፣ ብራውዘሩም የኩንታል ሂሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። የሚያረጋግጠው የቅርጹን ደንብ ብቻ ነው። በመሆኑም ፕሮግራሙ ተከፍቷልና ሂሳቡ ትክክል ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ደንቡ ሲጠብቅ የሚወድቀው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ያስፈልጋል። ብራውዘሮች በተለወጡ ቁጥር የቆየ ፕሮግራም ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም። በ2017 የጸናውን መሠረታዊ የዌብአሴምብሊ ደንብ ጠብቆ የተፈጨ ፕሮግራም ዛሬም ፍተሻውን ያልፋል። በፋይሉ ራስ ላይ ያለው የእትም ቁጥርም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ 1 እንደሆነ ነው። በአመዛኙ የሚወድቁት ቀድሞውኑ ማንም ዋስትና ባልሰጠበት ነገር ላይ የተደገፉት ናቸው። እነዚህንም በአራት መክፈል ይቻላል።

አንደኛው ከብራውዘሩ ጎን በተለጠፈ ተጨማሪ መሣሪያ የሚሠራው ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2017 የቆየውን የተለጣፊዎች በር ሲዘጉ በጃቫ አፕሌት የተሠሩ ብዙ የቢሮ ፕሮግራሞች ከአዲሶቹ እትሞች ውጭ ቀሩ። ፍላሽም በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ድጋፉ አበቃ፤ በጥር 12 ቀን 2021 ይዘቱ እንዳይከፈት ተደረገ። ፍላሽ የሚዘጋበት ቀን የተነገረው ከሦስት ዓመት በላይ አስቀድሞ ቢሆንም ብዙዎች የነቁት በመጨረሻው ሳምንት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ከጸጥታ ጋር የተያያዘ ነው። በጥር 2018 በኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ላይ ስፔክተር የተባለ ድክመት መገኘቱ ሲገለጽ፣ ብራውዘሮች ፕሮግራሞች ሥራቸውን ለብዙ ክሮች አከፋፍለው አንድ የጋራ ማስታወሻ የሚጠቀሙበትን መንገድ ወዲያውኑ ዘጉት። በኋላ መልሰው ሲከፍቱት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሰርቨር ገጹ ከሌሎች ገጾች የተነጠለ መሆኑን በግልጽ ማስታወቅ አለበት። ክሮም በሐምሌ 2021 በወጣው 92ኛ እትሙ ይህን በኮምፒዩተሮችም ላይ ግዴታ አደረገው። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ የማስገቢያ ወረቀቱ ስላልተሟላ ብቻ በሩ ላይ የሚቀር ፕሮግራም ይኖራል።

ሦስተኛው ገና ያልጸደቀ ደንብን ቀድሞ መጠቀም ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዌብአሴምብሊ ማስታወሻን በራሱ እንዲያጸዳ የሚያስችለው ማሻሻያ ነው። ክሮም ይህን በጥቅምት 2016 ዓ.ም በወጣው 119ኛ እትሙ ለሁሉም ከፈተ። ነገር ግን በሙከራው ዘመንና በጸደቀው ደንብ መካከል የትእዛዞቹ ቁጥሮች ተለውጠው ነበር። ኮትሊን በተባለው ቋንቋ ከ1.9.20 እትም በፊት የተፈጩ የዌብአሴምብሊ ፕሮግራሞች ከአዲሱ ብራውዘር ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ወፍጮ እንደገና መፍጨት። እህሉ ለነበራቸው ሥራው ኮምፓይለር ማደስና እንደገና መፍጨት ነበር። እህሉ ለሌላቸው ግን አዲስ ፕሮግራም ማሠራት ነው።

አራተኛው የወፍጮው ወይም የፈታሹ ስህተት ነው። ኮምፓይለሩ ደንቡን ያልጠበቀ ትእዛዝ አውጥቶ፣ የብራውዘሩ ፍተሻም ያን ሳያይ ያሳለፈበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ብራውዘሩ በኋላ ቀዳዳውን ሲደፍን ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ይሆናል። ደንቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፈታሹ ዓይን ነው። በኬላ ላይ አንድ ጉድለት ሳይታይለት ለወራት የተመላለሰ የጭነት መኪና አንድ ቀን ጠንቃቃ ተቆጣጣሪ ሲገጥመው እንደሚደርስበት ያለ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በፕሮግራሙ ዙሪያ ያሉ ነገሮችም ይጠብቃሉ። የድረ ገጽ ደህንነት ሰርተፍኬት ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ብራውዘር ሠሪዎች በ2025 በወሰኑት መሠረት ይህ ከመጋቢት 2026 ወደ 200፣ ከመጋቢት 2027 ወደ 100፣ ከመጋቢት 2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በየዓመቱ በእጅ ማደስ የለመደ ድርጅት በየወር ተኩሉ ሊያድስ ነው ማለት ነው። ሰርተፍኬቱ ካለፈበት ደግሞ ጥሩ የተፈጨውም ፕሮግራም አይከፈትም።

የጎንደር ነጋዴ ችግር በሁለት በኩል ነው

የብራውዘር ለውጥ ፍጥነት ጨምሯል። ክሮም እ.ኤ.አ. እስከ 2021 በየስድስት ሳምንቱ ያወጣ የነበረውን እትም ከዚያ ወዲህ ወደ አራት ሳምንት አውርዶታል። ፈጣንና የማያቋርጥ ኢንተርኔት ባለበት አገር ይህ ለውጥ ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ችግርም ካለ ቶሎ ይታያል።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም 115 የነበረው የክሮም እትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም 127 ደርሶ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው የ119ኛው እትም ለውጥም የወጣው በዚሁ ጊዜ፣ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወራት ነው። ግንኙነቱ ሲመለስ የዓመት ለውጥ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከአሥራ ሁለቱ እትሞች መካከል ፕሮግራሙን የጣለው የትኛው እንደሆነ መለየትም እጅግ ከባድ ይሆናል።

ሌላው ወገን ደግሞ ጨርሶ የማይታደሰው መሣሪያ ነው። በብዙ ቢሮዎች ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች ገና አልተጣሉም። ለእነዚህ የመጨረሻው ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው 109ኛው ነው። አንድሮይድ 7 ያለው ስልክ በክሮም 119 ላይ ቆሟል። አንድሮይድ 8 እና 9 ያላቸውም በ138ኛው ላይ ቀርተዋል። ያገለገለ ስልክ በሚሸጥበት ገበያ እነዚህ ብርቅ አይደሉም።

ስለዚህ አንድ የጎንደር አቅራቢ ሁለት ተቃራኒ ፈታሾች በአንድ ጊዜ ሊገጥሙት ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል ዋናው ቢሮ አዲስ ላፕቶፕ፣ መተማ ያለው ሠራተኛ የቆየ ስልክ ይዘዋል እንበል። በአሮጌው ወፍጮ የተፈጨ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ በጥብቀት ይወድቃል። ይህን ለማስተካከል በአዲሱ ወፍጮ ሲፈጭ ደግሞ ስልኩ አዲሶቹን ትእዛዞች ስለማያውቃቸው ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በራሱ አዲስ ስልክ ላይ ብቻ የሚሞክር ፕሮግራመር ይህን አያየውም።

መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። ከአንድ እህል ሁለት ዓይነት ዱቄት ማዘጋጀት ይቻላል። ፍላተር ለምሳሌ በዌብአሴምብሊ ሲፈጭ ጎን ለጎን የጃቫስክሪፕት ቅጂ ያዘጋጃል፤ ብራውዘሩ አዲሱን መቀበል ካልቻለ አሮጌውን ያነሳለታል። ይሁንና ይህ እንዲደረግ ደንበኛው ምን ዓይነት መሣሪያዎች እንዳሉት አስቀድሞ መናገር አለበት። ያልተነገረውን መሣሪያ ፕሮግራመሩ አይሞክረውም።

ወጪው የማን ነው?

በኢኮኖሚክስ ዓይን ሲታይ የችግሩ ሥር የመረጃ አለመመጣጠን ነው። ሻጩ ፕሮግራሙ በምን እንደተፈጨ፣ የትኛው ክፍል ባልጸደቀ ደንብ ላይ እንደቆመ ያውቃል። ገዥው አያውቅም። ክፍያውም እንደ ልማዱ ርክክቡ ዕለት ስለሚያልቅ፣ ሻጩ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ሥራ ለመሥራት የሚገፋፋው ጥቅም የለም። ዛሬ የሚከፈት ፕሮግራም ማሳየት ይበቃዋል።

ገዥውም በበኩሉ የሚሳሳትበት ሂሳብ አለ። ሶፍትዌርን እንደ ሚዛን ወይም እንደ ካዝና አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አድርጎ ይመዘግበዋል። ይልቁንም የሚቀርበው የጭነት መኪና ነው። መኪና የገዛ ሰው ጎማና ዘይት እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ በታሪፉም ውስጥ ያስገባዋል። የብራውዘር ደንብ በየወሩ በሚታደስበት ዘመን ፕሮግራምን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እንደገና አስፈጭቶ መሞከር የጎማ ያህል የተለመደ ወጪ ነው።

ጥገናውን ከውጭ አገር የሚያሠሩ ደግሞ ሌላ ጭነት አለባቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የተዋዋለ የጥገና ክፍያ በብር ሲቆጠር እጥፍ ወደመሆን ተጠግቷል ማለት ነው። እህሉ በእጁ ያለ ድርጅት ሥራውን ለአገር ውስጥ ባለሙያ ሊያዛውር ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ የኮምፒዩተር ምሩቅ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ዱቄት ብቻ ያለው ግን ሻጩ በጠራው ዋጋ ለመስማማት ይገደዳል።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ምንጭ ኮዱ የማን እንደሆነና ማን እንደሚረከበው በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ለክርክር በር ይከፈታል። በቃል የተባለው በክርክር ጊዜ ክብደቱ ትንሽ ነው።

የቆዩ ነጋዴዎች ይህን መሰል ነገር አንድ ጊዜ አይተዋል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ከማካተቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል ቁጥር ነበረው። ወደ አዲሱ ደረጃ ሲታለፍ የኮምፒዩተር ፋይሉን ያስቀመጠ ቢሮ አስቀየረው። ወረቀቱን ብቻ ያስቀመጠው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና አስጻፈ።

ከመፈረምዎ በፊት

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ፕሮግራም ለማሠራት የሚዋዋል ባለሀብት ቢያንስ የሚከተሉትን ነጥቦች በውሉ ላይ ቢያሰፍር ይመከራል።

1. ምንጭ ኮዱ ከተፈጨው ፕሮግራም ጋር አብሮ እንዲሰጥ። ኮዱ በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነም የሚከፈተው በድርጅቱ ስም ይሁን።

2. የትኛው ኮምፓይለር፣ በስንተኛ እትሙ፣ በየትኞቹ ተጨማሪ ክፍሎች እንደተጠቀመ በጽሑፍ እንዲሰጥ። እህል ያለ ወፍጮው ዓይነት ቢሰጥ ጊዜ ያባክናል።

3. ርክክቡ ዕለት ፕሮግራሙ ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ፣ የሠሪው ባልሆነ ኮምፒዩተር ላይ እንዲፈጭ። የተሰጠው እህል ትክክለኛው መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

4. ድርጅቱ የሚጠቀምባቸው ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ከነእትማቸው የውሉ አካል እንዲሆን፤ ሙከራውም በእነዚሁ ላይ እንዲደረግ።

5. በሁሉም ዋና ብራውዘሮች ያልጸደቀ ወይም በሙከራ ላይ ያለ ባህርይ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይገባ።

6. እንደ ሕንፃ ሥራ ሁሉ የመያዣ ገንዘብ እንዲቀር። ለምሳሌ የ400,000 ብር ሥራ ከሆነ 40,000 ብር ለአንድ ዓመት ተይዞ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በብራውዘር ለውጥ የሚመጣ ብልሽት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠገናል።

7. የድረ ገጹ ስም፣ የሰርቨሩና የሰርተፍኬቱ ምዝገባ በድርጅቱ ስም እንዲሆን። ፕሮግራመሩ አገር ቢለቅ ወይም ሥራ ቢቀይር በሩ አብሮት እንዳይሄድ።

ፕሮግራሙ ከዚህ ቀደም ተገዝቶ ከሆነስ? ያኔም የሚደረግ አለ። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ቀጣዩን እትማቸውን ለሕዝብ ከመልቀቃቸው ሳምንታት አስቀድሞ የሙከራ ቅጂ ያወጣሉ። በድርጅቱ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይህን ቅጂ ጭኖ በሳምንት አንዴ ፕሮግራሙን መክፈት ነጩን ገጽ ከሌላው ቀድሞ ለማየት ያስችላል። ወጪው የአንድ ሠራተኛ ጥቂት ደቂቃ ነው። በተጨማሪም የዕለቱ ሂሳብ ማታ ማታ ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ወረቀት ቢወጣ፣ በሩ አንድ ጠዋት ቢዘጋም ሥራ አይቆምም።

አንዳንዶች ብራውዘሩ ራሱን እንዳያድስ መከልከልን እንደ መፍትሔ ይወስዱታል። ለጥቂት ቀናት ትንፋሽ ይሰጣል፤ እንደ ዘላቂ መንገድ ግን አደገኛ ነው። እድሳቶቹ ይዘው የሚመጡት ለሌባ የተከፈቱ ቀዳዳዎችን መድፈኛ ጭምር ነው። በዚያው ኮምፒዩተር የባንክ ሂሳቡን የሚከፍት ነጋዴ ለአንድ ፕሮግራም ሲል በሩን ሁሉ ክፍት ያድራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥብቅ ፍተሻ የንግድ ጠላት አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የመጋዘን ደረጃ አሰጣጥ ባይኖር የጎንደርን ሰሊጥ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ሳያዩ መግዛት ባልተቻለ ነበር። ብራውዘሩም ማንነቱ ካልታወቀ ሰው የመጣን ፕሮግራም በነጋዴው ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ የሚፈቅደው ስለሚፈትሽ ነው። ፍተሻው በላላ ቁጥር የሚጠቀመው አጭበርባሪው ነው።

በመሆኑም ነጋዴው ከብራውዘሮች ጋር የሚያጣላው ጉዳይ የለም። ማጥበቃቸው ይቀጥላል፤ ቀኑንም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው ይናገራሉ። ባለሀብቱ ሊቆጣጠረው የሚችለው ከሠሪው ጋር የሚፈራረመውን ውል ነው። የሚቀጥለው ሰሊጥ ከመሰብሰቡ በፊት አሁን በሥራ ላይ ላለው ፕሮግራም አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበጀዋል። እህሉ የት ነው? መልሱ "ሠሪው ጋ ነው" ከሆነ፣ ዋጋውን ለመደራደር የሚሻለው ጊዜ ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ያለበት የአሁኑ ጊዜ ነው።